ከዓመቱ ፊልም የወጡት

ዓመት ሊያልቅ ሲል የኩባንያችንን የዓመት ቅኝት ፊልም የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ቪዲዮ ጌም ነው የምንሠራው። አንዱ ጭራቅ ይስላል፣ አንዱ ጭራቁን መሮጥ ያስተምራል፣ እኔ ደግሞ ካሜራዬን ይዤ በየጠረጴዛው እየዞርኩ ሲሠሩ እቀርጻቸዋለሁ። የቀረጽኩትን ቆራርጬ፣ ሙዚቃ ጨምሬበት፣ መጀመሪያ ለሠራተኛው በአዳራሽ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ በኢንተርኔት አሳያለሁ። ፊልሙ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የጌም ሥራ በዓለም ዙሪያ እንዴት እንደከረመ ይተርካል፤ ሁለተኛው እኛ እንዴት እንደከረምን። በሁለቱም ውስጥ ሰው ሁሉ መሳቅ አለበት። ይህ የአለቃችን ሕግ ነው፤ እሱ ራሱ ሲስቅ ግን አንድ ቀን አላየሁትም።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ክፍል ሳቅ ከየት ይምጣለት? ሳምንት በመጣ ቁጥር አንድ ጌም ሠሪ ቤት ይዘጋል። ስንት ዓመት የተለፋበት ጌም ገበያ ላይ ውሎ ሳያድር ይነሣል፤ ተጫዋቹ በገንዘቡ የገዛው ዓለም፣ የሚያስኬደው ኮምፒውተር ይዘጋና በማግስቱ ሲመጣ መግቢያ የለውም። ትልቁን ሽልማት የወሰደ አንድ ቡድን ነበር፤ ልጆቹ መድረክ ላይ ተቃቅፈው ያለቀሱበትን ምስል ፊልሙ ውስጥ አስገባሁ፤ ፊልሙን ሳልጨርስ ግማሾቹ ተባረሩ። ሰው ሲባረር የቀረው ይፈራል፣ የፈራ ሰው ጥሩ ጌም አይሠራም፣ ጥሩ ጌም ያልሠራ ቤት ደግሞ ይዘጋል። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ አለቃም ያውቀዋል። የሠራሁትን አይቶ ግን «ለቅሶ ቤት አስመሰልከው እኮ» አለኝ። «‹የፈተናና የዕድገት ዓመት› ብለህ ጀምረው።» አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። እንደተባልኩት አደረግሁ።

እዚያው ኩባንያ ታላቅ እኅቴ ትሠራለች፤ እቴቴ ነው የምላት። የጌሙ ብርሃን የእሷ ነው። ሠዓሊዎቹ ተራራውንና ቤቱን ያቆማሉ፤ ፀሐይ ከየት እንደሚገባ፣ ጥላው ማን ላይ እንደሚያርፍ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ግድግዳው ምን እንደሚመስል የሚወሰነው በእሷ ጠረጴዛ ነው። እኔንም ያስቀጠረችኝ እሷ ናት። በሰው ሁሉ ፊት «ማሙሽ» እያለች ስለምትጠራኝ፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ጥበቃው ሳይቀር ማሙሽ ይለኛል። የምንኖረው አንድ ቤት ነው፤ እኔ፣ እሷና እናታችን። የእማዬ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ደሟን ትታጠባለች። የሚሸፍነው በእቴቴ በኩል የገባችበት የኩባንያው ኢንሹራንስ ነው፤ እኔ ቋሚ ሠራተኛ ስላልሆንኩ በስሜ ቤተሰብ ማስገባት አልችልም። እጥበቱ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ አንዴ ነግሮናል፤ ከዚያ በኋላ እኔና እቴቴ ነገሩን አንሥተነው አናውቅም።

በዚያ ሰሞን ሌላ ኩባንያ እቴቴን ፈለጋት። ከእኛ የሚያንስ ቤት ነው፤ ቢሆንም የእማዬን ኢንሹራንስ እሺ ብሏል። እስከ ዓርብ መልስ ስጪን አሏት። እሷ ግን ለመሄድ ልቧ አልነበረም።

«ለምን ብዬ?» አለችኝ ሰሃን እያጠብን። «እዚህ ሰማዩን ያለ ጠያቂ እሠራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ቤት ገብቼ እንደ ጀማሪ ልፈተን? ዓርብ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ።»

በማግስቱ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ፊልሙን ወደምቆርጥበት ክፍል መጣች። «ለስላሳ» ነው የምንላት። የምትነግርህ ነገር ቀዝቀዝ ብሎ ይወርዳል፤ ጋዙ በአፍንጫ የሚወጣው ቆይቶ ነው። ክፍሌ መስኮት የላትም፤ ድሮ የጽዳት ዕቃ ይቀመጥባት ነበር፣ አሁንም በረኪና በረኪና ትሸታለች። በሩን ዘግታ፣ ወንበር ስባ ጎኔ ተቀመጠችና ሁለተኛውን ክፍል አሳየኝ አለችኝ። አሳየኋት።

«አቁመው። ይሄን ልጅ አውጣው።»

አወጣሁት።

«እሷ ትቆይ። ከኋላዋ ያለውን ግን አውጣው።»

«ምን አድርጎ ነው?»

«ምንም። ይሄ ነገር ደግሞ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ስትቀጠር የፈረምከውን አትርሳ።»

እንዴት እረሳለሁ? ምስጢር ያወጣ ሰው በመባረር ብቻ አይገላገልም። በዚህ ሙያ ወሬው ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል፤ ሁለተኛ በር የሚከፍትለት የለም።

ጥቂት ሰዎች አስወጣችኝ፤ ከዚያ እቴቴ መጣች። ዓመቱን ሙሉ ከቀረጽኩት ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ የሠራቻት ደመና ከፀሐይዋ ላይ እስክትነሣ ትጠብቃለች፤ ስትነሣላት ለራሷ ፈገግ ትላለች። ለስላሳ እኅቴ መሆኗን ታውቃለች። ፊቴን አላየችም።

«እሷንም» አለች።

ቆረጥኳት። ልትወጣ ስትል በሩን እንደያዘች ዞር ብላ «አንተ መቼም ሁሌ ከካሜራው ኋላ ነህ፤ ዘንድሮ መጨረሻው ላይ አንተም ግባበት» አለችኝ። ማጽናኛ መሰለኝ።

በእኛ ሥራ ሰው ሊባረር ሲል መጀመሪያ የሚጠፋው ምስሉ ነው። ከድረ ገጹ ይነሣል፣ ከማስታወቂያው ይወጣል፤ በኋላ ሕዝቡ «ይሄ የሚስቀው ልጅ የት ደረሰ?» ብሎ እንዳይጠይቅ። የስንቱን ቤት መዘጋት ስቀጣጥል ከርሜ ይህን ሳላውቅ ልቀር? የፈሩት ይደርሳል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ደረሰ ብዬ ቁጭ አልኩ። እቴቴ ዓርብ ያኛዎቹን «ይቅርብኝ» ትላለች፣ ዓመቱ ሳያልቅ እነዚህኞቹ ያባርሯታል፣ እማዬ ያለ እጥበት ትቀራለች። ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን እናቴን ሊገድላት ነው ብዬ አመንኩ። ሐሙስ እማዬን ከሆስፒታል ልናመጣ ስንሄድ መኪና ውስጥ አወጣሁት።

«እቴቴ፣ ነገ እሺ በያቸው።»

«እነማንን?»

«ያኛዎቹን። ሂጂላቸው።»

«ምን ሰምተህ ነው?»

«ከፊልሙ አስወጥተውሻል።»

ማብራራት አላስፈለገኝም፤ እሷም የሙያው ሰው ናት። መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመች። ከኋላችን የነበረው ሾፌር እየተሳደበ አለፈን።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ጎኔ ተቀምጣ ነው ያስቆረጠችኝ።»

«ያን ሁሉ ሰማይ ሠርቼላቸው» አለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ዓይኗን ጠርጋ፣ ለእማዬ ሳቅ ብላ ወረደች።

ዓርብ ጠዋት ያኛዎቹን እሺ አለች፤ ወዲያው መልቀቂያዋን አስገባች። ወደ ተፎካካሪ የሚሄድ ሰው በዚያው ሰዓት ነው የሚወጣው፤ ኮምፒውተሩ ይዘጋበታል፣ ጥበቃው እስከ በሩ ይሸኘዋል። ኩባያዋንና የወንበሯን ሻል ይዛ ስትሄድ አለቃ ከቢሮው ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቆይ እስቲ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር» አላት። «የተነጋገራችሁት ይበቃል» አለችውና ፊቷን ሳትመልስ አለፈችው። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ኮራሁባት። ያፈረ መስሎኝ ነበር ሰውየው።

ሰኞ ያኛዎቹ ደወሉ። ባለ ገንዘቦቻቸው ቅጥር በሙሉ ይቁም ብለዋል፤ ይቅርታ፣ ዓመቱ እንደምታውቂው ነው፣ ነገሩ ሲሻሻል እንፈልግሻለን። ገና አልፈረመችም ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ። ኢንሹራንሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚቆየው። እቴቴ ስልኩን ዘግታ «ለነገሩ ሊያባርሩኝ ነበር» አለች። «በሰው ፊት ከምገፈተር በገዛ እግሬ ወጣሁ።» በየቀኑ ይህንኑ ትደጋግማለች፤ ለእኔ ትላለች፣ ለጎረቤት ትላለች፣ ሽንኩርት እየከተፈች ለራሷ ትላለች። ደግፎ ያቆማት ይህ ቃል ብቻ ነበር። እኔም እያንዳንዱን ጊዜ «እውነትሽን ነው» እላታለሁ።

የፊልሙ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። መብራቱ ጠፍቶ «የፈተናና የዕድገት ዓመት» የሚለው ሲወጣ አጨበጨቡ። ሰው ራሱን ባየ ቁጥር ይስቃል፣ ጎረቤቱን በክርኑ ይጎሽማል። በመጨረሻ እኔ ወጣሁ፤ ካሜራዬን ታቅፌ እንደ ሙሽራ እሽኮረመማለሁ። «ማሙሽ! ማሙሽ!» አሉ፤ ደስ አለኝ፣ መቼም ሰው ነኝ።

አለቃ መድረኩ ላይ ወጣ።

«ኩባንያው እስከ ዛሬ የሠራነውን ጌም ከዛሬ ጀምሮ ያቆማል» አለ። «አዲስ ጌም እንጀምራለን፤ በትንሽ ቡድን። የመረጥናቸውን ሰዎች ተፎካካሪ ለይቶ እንዳይነጥቀን ከፊልሙ አውጥተናቸዋል። ፊልሙ ላይ ያያችሁት ሁሉ ደግሞ፣ ሌሎች ቤቶች ሥራችሁን አይተው እንዲቀጥሯችሁ ነው ያሳየናችሁ። ምስጋናችንም ስንብታችንም ይሄው ነው።» ትንሽ ቆመና ወለሉን እያየ ጨመረ። «ከመረጥናቸው አንዷን፣ የመጀመሪያዋን፣ ሳንነግራት ነጠቁን።»

ይህ ሙያ የሚደብቀው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ሊጥለው ያሰበውንና የሚሳሳለትን። እኔ ዓመቱን ሙሉ የተጣለውን ብቻ ሳይ ስለከረምኩ ሁለተኛው ትዝ አላለኝም። ጎኔ ያለው ልጅ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ማልቀስም አቃተኝ። መባረሬ እንኳ ገና አልገባኝም ነበር፤ ጆሮዬ ላይ የቀረው «የመጀመሪያዋን» የሚለው ነው።

ካሜራውን ላስረክብ ስሄድ ለስላሳን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። በሚቀጥለው ዓመት ፊልሙን ማን እንደሚሠራ ጠየቅኋት፤ ለምን እንደጠየቅሁ እኔም አላውቅም። «በራሱ የሚቆርጥ ማሽን መጥቷል፤ እሱ ይቆርጠዋል» አለችኝ በዚያ ቀዝቃዛ ድምፅዋ። «ሁሉም ቤት እንደዚያ እያደረገ ነው። ማስታወቂያ ቤቶቹም፣ ሠርግ ቀራጮቹም። በአንተ አይደለም የተጀመረው።»

ቤት ስገባ እቴቴ ወጥ ቤት ነበረች። እማዬ ጓዳ ተኝታለች። መንገድ ላይ እንዴት እንደምጀምር ሳስብ ነበር፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ማሻሻያ የለውም፣ ስለዚህ እንዳለ ነገርኳት። የወጡት የተመረጡት ናቸው። አንቺ የመጀመሪያዋ ነበርሽ። እኔ ተባርሬአለሁ።

«ደግመህ በለው» አለች።

ደገምኩት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህብኝ ምነኛ በተሻለ። ስልኳን አንሥታ አለቃ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው የወጣሁት። ልመለስ።»

ሰውየው ተነፈሰ። «ቦታሽን በሳምንቱ ለሌላ ሰጠሁት። ሥራው አይጠብቅም። ፈርሟል፤ ቤተሰቡን ይዞ እየመጣ ነው።» ከዚያ ድምፁ ሌላ ሆነ። «ማነው ያሳሳተሽ? ስሙን ንገሪኝ። ለአንቺ አይመልስልሽም፤ ግን ሌሎቹ ቤቶች ሊያውቁት ይገባል።»

አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ሕፃን ሆኜ ጠርሙስ ስሰብር እንኳ እንደዚያ አላየችኝም። ንገሪው አልኳት በከንፈሬ፤ ቅጣቱ ይገባኛል።

«ማንም» አለች። «በራሴ ነው የወጣሁት።» ስልኩን ዘጋችው።

«እቴቴ...»

«አንተን ልሸፍን ብዬ አይደለም» አለች ጠረጴዛውን እያየች። «ብርሃን ሠሪ የሚፈልግ ቤት የለም፤ አይቼዋለሁ፣ ጠይቄዋለሁ። ያንተ ሙያ ግን ጌም ብቻ አይደለም። ማስታወቂያም ሠርግም ትሠራለህ። ስምህ ካልተበላሸ አንተ ትቀጠራለህ። ወሩ ሳያልቅ በቋሚነት ብቻ ተቀጠርና እማዬን በስምህ አስገባት። ከአንተ የምፈልገው እሱን ነው። ሌላውን በኋላ እናወራለን።»

ለስላሳ ኮሪደር ላይ ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ ማስታወቂያውንም ሠርጉንም ማሽን ወስዶታል። እኅቴ የቀራትን ሁሉ እኔ ላይ አስቀምጣለች፤ የቀራት ደግሞ እናታችን ናት። አንዴ ተናግሬ አጠፋኋት፤ ይህኛውን ብነግራት ደግፎ የሚያቆማት ነገር አልነበረም። «እሺ» አልኳት። «ነገ እጀምራለሁ።» በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

እማዬ ከጓዳ ተጣራች። ነቅታ ኖሯል።

«ልጆቼ፣ ነገ ሆስፒታል የሚያደርሰኝ ማነው? ወይስ ሥራ አላችሁ?»

እቴቴ ከወንበሯ አልተነሣችም። «ሁለታችንም እናደርስሻለን፣ እማ።»

«ሁለታችሁም?» አለች እማዬ፤ ደስታዋ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር። «እሰይ የእኔ ልጆች። እስቲ ለአንድ ቀን እንኳ አብራችሁኝ ዋሉ።»