ቀይና ጥቁሩ ለቁስል

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ የዋዛ አይደለም። ሌላው ሰው ጥቁር ብሎ የሚያልፈውን ክር እሷ ወደ ቡኒ ያደላ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ እያለች ትለየዋለች። በአዝራር ጣሳዋ ውስጥ ታዲያ ከአዝራሩ ጋር የመንደሩ ሁሉ ትራፊ መድኃኒት አለ። የተሻለው የቀረውን ያመጣል፣ ያመመው ይወስዳል። ቢጫው ለጉሮሮ፣ ሰማያዊው ለሆድ፣ ቀይና ጥቁሩ ለቁስል። አደራ ጠባቂዋ እሷ ናት። ተሳስታ አታውቅም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር።

መሮ መዳፌን ሲወጋኝም ቀይና ጥቁሩን ሰጠችኝ። ዓምና እግሬን ሚስማር ወግቶኝ ያዳነኝ እሱ ነበር። ዘንድሮ ግን እጄ ከቀን ወደ ቀን እያበጠ ሄደ፣ ጣቶቼም አልታጠፍ አሉ። አናጢ ቀኝ እጁን ካጣ ምን ይቀረዋል? ፈራሁ። ከፍርሃቱ ጋር ደግሞ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ፤ ሰውዬው ያው፣ መድኃኒቱ ያው፣ ምነው ዓምና ሠርቶ ዘንድሮ እምቢ አለ? መላጊያዬ ሲደነዝዝ አውቅበታለሁ። መድኃኒትም ይደነዝዛል እንዴ?

የጤና ጣቢያው ነርስ የጋዋኗን አዝራር ልታስተክል የመጣችው ይሄኔ ነው። ባለቤቴ የሚመሳሰል አዝራር ፍለጋ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ስትገለብጠው፣ የልጅቱ ዓይን መድኃኒቱ ላይ ቀረ። አልተቆጣችም።

«እትዬ፣ የቱ ለምን እንደሆነ በምን ይለዩታል?»

«በቀለሙ ነዋ ሲስተር። እኔን ቀለም አያታልለኝም።»

ነርሷ ሁለት ቀይና ጥቁር እንክብሎች መርጣ የስፌት መኪናው መብራት ሥር አስጠጋችላት። «እስቲ እነዚህን ይዩልኝ።»

«አንድ ናቸው።»

«ጽሑፋቸውስ?»

ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። እኔም ከኋላዋ አንገቴን አሰገግሁ። የአንዱ ጽሑፍ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ነርሷ እንደነገረችን አንዱ ለቁስል የሚታዘዝ ነው፣ ሌላው ለሌላ በሽታ። የትኛውን ስውጥ እንደከረምኩ ማን ይወቅ። ባለቤቴ እንክብሎቹን ደጋግማ አገላበጠቻቸው። እንዲህ ደንግጣ አይቻት አላውቅም፤ አሳዘነችኝ።

«ትክክለኛው እንኳ ቢሆን ግማሽ መንገድ ላይ ካቆሙት ጠንካራው ጀርም ይተርፍና መድኃኒቱን ይለምደዋል» አለች ነርሷ። ከዚያ ጠረጴዛውን ትክ ብላ አየችው። «እኔን የገረመኝ ግን፣ ይሄ ሁሉ ከተረፈ፣ እዚህ መንደር መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው አለ?»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። እኔ ራሴ ጨርሼ አላውቅም።

እጄን ለነርሷ ስገልጥላት ፊቷ ተለወጠ። የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ወስዳኝ መግሉ ወጣ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ የሚዋጥም ታዘዘልኝ። እብጠቱ እየጎደለ ሲሄድ ጣቶቼ መታጠፍ ጀመሩ። አንድ ማለዳ መዶሻ ጨበጥኩ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የድሮው ጠባዬም አብሮ ተመለሰ። ድኛለሁ፣ የቀረው ለክፉ ቀን ይቀመጥ አልኩ። እሽጉን ይዤ፣ ድምፅ ሳላሰማ ጣሳውን ከፈትኩ። ከአዝራር በቀር ምንም የለበትም። ለካ ሁሉንም ጠርጋ ለነርሷ አስረክባለች።

ባለቤቴ ከስፌቷ ቀና አላለችም።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «እኔ አንድ እግር ብቻ ያለው ሱሪ ሰፍቼ ለሰው ሰጥቼ አውቃለሁ?»

ውሃ ቀዳሁና ዋጥኩ።