የብረቷና የሸክላዋ ጥርስ

እኔና እህቴ መንታ ነን። እንዲሁ በመልክ የምንቀራረብ ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ባሌ ራሱ ከጀርባ አይቷት «ምሳ ደረሰ ወይ?» ብሏት ያውቃል። ቤተሰባችን ግን አንድም ቀን ተምታተንበት አያውቅም፤ እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነበር። እኔ ብረቷ ነኝ፣ እሷ ሸክላዋ። ሌላ ስም አለን፣ በእሱ የሚጠራን የለም እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመት ከመንፈቃችን እሷ ክፉኛ ታመመች። ሆስፒታል ተኝታ በየቀኑ መርፌ ተወጋች፤ በሽታው ልቧ ድረስ ገብቷል ተባለ። ከሞት ተርፋ ስትመጣ ሐኪሙ ለእማዬ «ልቧ ደካማ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል» አላት። ከዚያ ወዲህ እህቴ አትሮጥም፣ አትሸከምም። እኔ በሁለት እጄ ሁለት ባልዲ ውሃ ስይዝ እሷ ማንቆርቆሪያ ትይዛለች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ልብስ ስፌት ስገባ እሷ ኮሌጅ ገባች። እቀናባት ነበር፣ አልደብቅም። እወዳታለሁም። ሁለቱም በአንድ ሆድ ያድራሉ።

በአንድ ነገር ብቻ አልቀናባትም። ስታገባ እማዬ «መውለድ ለአንቺ ሞት ነው» ብላ ቁርጡን ነገረቻት። ባሏ ደግ ሰው ነው፣ ተቀበለው። እኔ ሦስት ወለድኩ። የልጆቼን ፀጉር የምትሠራው፣ ሲያተኩሳቸው አጠገባቸው የምታድረው እሷ ናት። ትንሿ ልጄ ተሳስታ «እማ» ብላ ስትጠራት ዞር ብዬ አየኋት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመታችን ነው። አልፎ አልፎ አንድ ሐኪም ደረቷን ያዳምጥና «ምንም አይሰማም» ይላታል። እማዬ ታዲያ «ተመስገን፣ ተኝቷል ማለት ነው» ትላለች፣ በሽታው ድመት ይመስል።

ሰሞኑን ሁለታችንንም በአንድ ሳምንት ጥርስ ያመን ጀመር። ሁለታችንንም ከታች፣ በቀኝ፣ የመጨረሻዋ መንጋጋ። ተያይዘን ሄድን። የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሁለቱን ራጆች መብራቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቅላ ቆማ ቀረች።

«የሚገርም ነው፤ ሥሩ እንኳ የተጠማዘዘው በአንድ ወገን ነው» አለች።

«እንግዲያው የአንዳችንን ቢነቅሉ ለሁለታችንም አይበቃም?» አልኳት።

ሳቀች። ዕቅዷ ግን ለየቅል ነበር። የእህቴን ታሪክ ከሰማች በኋላ፣ መጀመሪያ የልብ ሐኪም እንዲያያት፣ ጥርሷ ከመነቀሉ በፊት መድኃኒት እንድትወስድ፣ የሚነቀልላትም ትልቁ ሆስፒታል እንዲሆን ጻፈች። «ከጥርስ የሚነሳ ጀርም በደም ሄዶ የተጎዳ ልብ ላይ ሊያርፍ ይችላል» ብላ አስረዳችን። ለእኔ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ ዛሬውኑ፣ እዚሁ። ብረት አይደለሁ።

ወንበሩ ላይ ተጋደምኩ። እህቴ ጥግ ላይ ቦርሳዬን ታቅፋ ተቀመጠች። ሐኪሟ የማደንዘዣውን መርፌ ይዛ «አፍዎን ይክፈቱ» አለችኝ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ፤ እኔን የሚያሳፍረኝ ግን ጥርሴ ነው። የፊት ጥርሶቼ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቡናማ መስመር አለ። የእህቴ ጥርስ ወተት ነው። እማዬ በልጅነታችን «አንቺ ሰነፍ፣ እህትሽን አታይም? ፋቂው እንጂ» እያለች ስንቴ አስለቅሳኛለች። ድዴ እስኪደማ ፍቄዋለሁ። እስከ ዛሬ ስስቅ እጄ አፌ ላይ ነው።

ሐኪሟ መርፌውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ይህ መስመር ከመቼ ጀምሮ ነው ያለዎት?»

«ጥርሴ ከበቀለ ጀምሮ። ስንፍና ነው» አልኳት።

መጋረጃውን ዘጋች፣ መብራቱን አጠፋች፣ ከመሳቢያ ትንሽ ሐምራዊ መብራት አውጥታ አፌ ላይ አበራች። መስታወት ሰጠችኝ። ወይ ጉድ፤ ያ ያፈርኩበት መስመር ጨለማ ውስጥ እንደሚታይ የሰዓት ቁጥር ቢጫ ሆኖ ያበራል። እህቴንም ጠርታ አፏን አስከፈተቻት። የእሷ ላይ ምንም የለም።

«ቆሻሻ እንዲህ አያበራም» አለች የክፍሉን መብራት መልሳ እያበራች። «ይህ የመድኃኒት ምልክት ነው። ድሮ ለሕፃናት ይሰጥ ነበር፤ አሁን ቀርቷል። ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ባለ ጥርስ ይገባና እዚያው ይቀራል። ጥርስ የሚሠራው ከጫፉ ወደ ሥሩ ስለሆነ፣ መስመሩ ያለበት ቦታ ዕድሜውን ይናገራል።» በትንሽ ማስመሪያ ለካች። «አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቢሆንዎት ነው። ያን ጊዜ ምን ታመው ነበር?»

«እኔ አልታመምኩም» አልኳት። «የታመመችው እሷ ናት።»

ሐኪሟ አንዴ እኔን፣ አንዴ እህቴን አየች። ከዚያ የእኔን ወረቀት አንስታ የጻፈችውን መስመር ሰረዘችው። «ዛሬ አልነቅልም። ሁለታችሁም መጀመሪያ ወደ ልብ ሐኪም ትሄዳላችሁ» አለች።

ደረጃውን ስንወርድ እህቴ «መርፌ ስወጋ እኮ አስታውሳለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«በዓመት ከመንፈቅ ማን ያስታውሳል? ሲነገርሽ ያደግሽውን ነው» አልኳት። መቆጣቴ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

የልብ ሐኪሙ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ነው። በማግስቱ አንድ በአንድ አስተኝቶ፣ ደረታችንን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ፣ ልባችንን በስክሪን አሳየን። ቀድማ የታየችው እህቴ ናት። «ንጹሕ ነው። ተጎድቶም የሚያውቅ አይመስልም» አላት። እኔ ላይ ግን ቆየ፣ በጣም ቆየ።

«እዚህ ጋ ይህ የልብዎ በር በደንብ አይገጥምም፤ ጥቂት ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። የቆየ ጠባሳ ነው» አለ። «ወልደዋል?»

«ሦስት።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ዕድለኛ ነዎት» አለኝ።

እህቴ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «እኔስ? መውለድ…» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች።

«በልብዎ በኩል የሚከለክልዎት ነገር የለም» አላት። «አልነበረምም።»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ክው አደረገቻት። ከዚያው በቀጥታ ወደ እማዬ ሄድን።

እማዬ እህቴ ቤት ነው የምትኖረው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች። እኔ እንደሆንኩ ነገር አሳምሬ መጀመር አላውቅም፤ ገና ከበሩ «እማዬ፣ ከሆስፒታል ታማ የመጣችው የትኛዋ ናት?» አልኳት።

ምን ማለትሽ ነው አላለችም። ልብሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ሁለታችሁንም ይዤ ነው የገባሁት። ጡት ትጠቡ ነበር፣ የት እጥላችኋለሁ?» አለች። «የታመመችው እጅ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። በአሥረኛው ቀን እኔም ታምሜ ወደቅኩና አክስታችሁ ተተካችልኝ። ክሩን ለመርፌው ብለው ቆርጠውታል። እሷ ደግሞ ሁለታችሁንም በአንድ አልጋ አስተኝታ ተምታታችሁባት። ስትጠሩ ሁለታችሁም ትዞራላችሁ። መርፌው ካለቀ ቆይቶ ስለነበር ምልክቱም ድኗል። ቤት ሲያመጧችሁ አንዷ ከስታለች፣ አንዷ ደህና ናት። የታመመችው የከሳችው ናት አልኩ።»

ለካ የከሳችው ጤነኛዋ ነበረች። የታመመችውን ሆስፒታሉ ሲመግባት፣ ይቺን ከጡት ተነጥላ ስትከሳ ማን አያት።

«ተሳስተሽ ነዋ፣ በቃ» አለች እህቴ። መውጫ መስጠቷ ነበር።

እማዬ መውጫውን አልፈለገችውም። «የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም ነበር። አለማወቄን ግን አውቅ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ሁለታችንንም አልጠበቅሽንም?» ብዬ ጮህኩባት።

«በምን አቅሜ? አባታችሁ ሞቷል። ሁለት በሽተኛ ማሳደግ አልችልም ነበር፤ አንዷ መሥራት ነበረባት። መረጥኩ።» ልብሱን አንስታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። ልጠላት ፈለግኩ፣ አንጀቴ እንቢ አለኝ።

እህቴ ወጣች። ተከትያት ሄድኩ። ደጁ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ሦስቱንም ስትወልጂ ደጅ ቆሜ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ስትጮኺ እየሰማሁ ምን ያህል እንደምቀናብሽ ግን አታውቂም። ‹ለምን ለእሷ?› እል ነበር።» «ለካ የምቀናው ልትሞት በምትችል ሰው ላይ ነው።»

«አልሞትኩም እኮ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኻ። በሠላሳ ስድስት ዓመት እንዲህ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም፤ ድምፅዋ ገና ከፍ ሲል «ልብሽን፣ ልብሽን» የማይላት ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። እኔም ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት፤ እቅፍ አድርጌያት እስኪወጣላት አለቀሰች።