የጭራቆች ተራ አስከባሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የታክሲ ተራ አስከብሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሾፌር ያለ ተራው ጭኖ ከግቢ አልወጣም። የሞከረ አልጠፋም፤ የተሳካለት ግን የለም። ደብተሬን በግራ፣ እርሳሴን በቀኝ ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። የገባውን መኪና በሙሉ እንደ አገባቡ እጽፋለሁ፤ የማንም ይሁን የማን፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። የገዛ ወንድሜ ሾፌር ነበር፤ እሱንም አሰልፌዋለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላምታው ከአንገት በላይ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ተራ የማስከብርበት ነገር ቸገረኝና ቤት ውስጥ ጀመርኩ። የምንኖረው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጄና የእሷ ልጅ። ጠዋት ጠዋት እናትና ልጅ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሲጋፉ አየሁና ደብተር አወጣሁ። ልጄ ሁለት ቀን ታገሠችኝ። በሦስተኛው ቀን የጥርስ ብሩሿን ከአፏ ሳታወጣ «አባዬ፣ እባክህ አንድ ሥራ ፈልግ» አለችኝ።

የልጅ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የሳሎኑ ባለቤት እሷ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ትወረውርና ቴሌቪዥኑ ፊት ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ጭራቅ ታዋጋለች። ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ጭራቅ የእሳት ነው፣ አንዱ የውሃ፣ አንዱ የቅጠል። ውሃ እሳትን ያጠፋል፣ እሳት ቅጠልን ያቃጥላል፣ ቅጠል ውሃን ይመጥጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ በወጣቶች ማዕከሉ ምድር ቤት ውድድር አለ፤ የሚገጥሙትም ጥንድ ለጥንድ ሆነው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ጭራቅ ይዞ ይቀርባል፣ አንዱን ሜዳ ያስገባል፣ ሲያስፈልገው ይቀይራል። ስለዚህ ሜዳው ላይ አራት ጭራቅ አለ ማለት ነው፤ ሁለቱ የኛ፣ ሁለቱ የነሱ።

ጥንዷ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነች፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ ልጅ ነበረች። የኔዋ ትማታለች፣ ባለመነጽሯ ደግሞ ታክማለች፤ የቆሰለውን ጭራቅ ጤና ትሞላለታለች። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ተሸነፉ። የኔዋ ምላሷ አጥንት የለውም፤ በሰው ፊት «አንቺ ከማከም ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» አለቻት። ባለመነጽሯ መቆጣጠሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። በሳምንቱ ከአንድ ረጅም ልጅ ጋር ተጣምራ ቀረበች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጭር አለ። የልጅ ልጄ ይቅርታ መጠየቅ አትችልም፤ ይኼ ከኔ የወረሰችው ነው፣ አልክድም። «አሸንፋታለሁ፣ ያኔ ታያለች» ትላለች። ምኑን ነው የምታየው ብዬ ስጠይቃት ትቆጣለች። ለኔ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። የናፈቃት ማሸነፉ አልነበረም፣ ልጅቷ ናት። ብቻዋን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ባየኋት ቁጥር አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

«አባባ፣ ጣቶችህ ይሠራሉ?» አለችኝ አንድ ቀን ከሰዓት።

«አውራ ጣቶቼ ደህና ናቸው።»

«እነሱ ይበቃሉ። ጥንድ ትሆነኛለህ።»

«የዕድሜ ገደብ የለውም እንዴ?»

«ከስምንት ዓመት በላይ ይላል።»

በትንሽ ልዩነት አለፍኩ።

የመጀመሪያው ጠብ ቡድኑ ላይ ተነሳ። ስድስቱንም ተማቺ አድርጋ መረጠቻቸው፤ ጥርስ፣ ቀንድና ጥፍር ብቻ። ሦስቱን ለኔ ሰጠችኝ። እኔም ከመኪና ዕቃ ስም አወጣሁላቸው፤ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ፣ ክላክስ አልኳቸው። ልምምድ ጀመርን። ፍሬቻን አስገባሁ፤ ወደቀ። ኩሽኔታን አስገባሁ።

«አባባ፣ ኩሽኔታ እኮ የቅጠል ነው። ፊት ለፊትህ እሳት ቆሟል።»

«ተራው ነው።»

«እዚህ ተራ ብሎ ነገር የለም። የሚያዋጣውን ነው የምታስገባው።»

«ክላክስን ላስቀድም? ኩሽኔታ ምን ይለኛል? ከሱ በፊት ነው የተሰለፈው።»

«ኩሽኔታ ምንም አይልህም። ኩሽኔታ ተቃጥሏል።»

እውነትም ተቃጥሎ ነበር።

በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸነፍን። ጥፋቱ የኔ ብቻ አልነበረም። የኔዋም ስትማታ ወደኋላ አታይም፤ የቆሰለባትን ጭራቅ እስኪሞት ታዋጋዋለች። በመጨረሻ መቆጣጠሪያዬን አስቀመጥኩ።

«ይኼ ቡድን ሾፌር ብቻ ነው» አልኳት። «ስድስት ሾፌር ሰብስበሽ አንድ ረዳት አልያዝሽም። በሩን ማን ይዘጋል? ጎማ ሲፈነዳ ማን ይወርዳል?»

«የሚያክም ጭራቅ አልይዝም።»

«ለምን?»

«እሷ ነበረቻ የምትይዘው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

 ነገሩን ያቀናችው እናቷ ናት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ሙግታችንን ስትሰማ ቆየችና «ስድስት ዓይነት የራስ ምታት ክኒን ደርድሮ ፋርማሲ ከፈትኩ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። የልጅ ልጄ ከእናቷ ጋር እምብዛም አትከራከርም፤ ጉንጯን ነፍታ ዝርዝሩን እንደገና ከፈተችው።

የሚያክመውን ራሴ መረጥኩ። ከእርጥብ ፎጣ ብዙም የማይለይ፣ ዓይኑ ግማሽ የተከደነ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ፍጡር ነው። አይናከስም፣ አይቧጭርም። ሜዳው ላይ ካሉት አንዱን ትመርጥለታለህ፣ እሱ ሄዶ ያቅፈዋል፤ የታቀፈው ይድናል። ወደድኩት። ስሙንም ረዳት አልኩት። ክላክስን አውጥተን በቦታው እንደ ቁም ሳጥን የከበደ፣ ምቱን ሁሉ ደረቱን ገልብጦ የሚቀበል ጭራቅ አስገባን፤ እሱን ፍሬን አልነው። ረዳት የኩሽኔታን ቦታ ያዘ፣ ፍሬቻ ባለበት ቀረ። የኔዋም ከሦስቱ ተማቺዎቿ አንዱን አሰናብታ ፈጣን የውሃ ጭራቅ ያዘች። ቡድኑ ሚዛን ያዘ።

«መቼ እንደምትቀይር እኔ እነግርሃለሁ» አለችኝ። «ያንተ ሥራ ማከም ነው። ቀድሞ የተጎዳውን ቀድመህ አክም። ሌላ አትመራመር።»

እንዲህ ያለ የጠራ መመሪያ ከአለቆቼም ሰምቼ አላውቅም። ደብተሬን አመጣሁ። የተመታውን ጭራቅ እንደ አመታቱ እጽፋለሁ፣ ተራው ሲደርስ አክመዋለሁ፣ እሰርዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከገጠምናቸው አምስት ጨዋታዎች አራቱን አሸነፍን። የልጅ ልጄ ሁለት ጊዜ «ጎበዝ አባባ» አለችኝ፤ ልጄም ከኩሽና ብቅ ብላ አየችን። እውነቱን ለመናገር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን አላስተዋልንም። በልምምድ የምንገጥመው ማሽኑን ነው። የማሽኑን ጭራቆች አልጽፍም ነበር፤ ባለቤት የሌለውን መኪና ማን ይመዘግባል? ቅዳሜ ግን ተጋጣሚዎቻችን ሰዎች ነበሩ።

ዕጣ ሲወጣ ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ ባለመነጽሯና ረጅሙ ልጅ ደረሱን። ምድር ቤቱ የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶታል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ወለሉ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ረጅሙ ልጅ ማስቲካ ያኝካል። ባለመነጽሯ ከወንበሯ ብድግ ብላ «እንደምን ዋሉ አባባ» አለችኝ። የኔዋን ግን ዞር ብላም አላየቻት። የኔዋም ጣሪያውን ነበር የምታየው። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ ይኼን እንኳ ወደድኩለት።

ጨዋታው ተጋጋለ። ፍሬቻ ወደቀ፤ ከነሱም አንድ ወደቀ። ፍሬን ደረቱን ሰጥቶ ሦስት ምት ተቀበለ። እኔ እጽፋለሁ፣ አክማለሁ፣ እሰርዛለሁ። የልጅ ልጄ «ቀይር» ስትለኝ እቀይራለሁ። ቀስ በቀስ የበላይነቱን ያዝን። በመጨረሻ ሜዳው ላይ የቀሩት አራት ብቻ ሆኑ፤ ረዳት፣ የልጅ ልጄ ባለቀንድ ጭራቅ፣ የረጅሙ ልጅ ዘንዶና የባለመነጽሯ ትንሽ ጭራቅ። ተጠባባቂ የቀረለት ማንም የለም። ባለቀንዱ አሁን ገና ተመትቶ ተንገዳግዷል። አንድ ጊዜ ቢታከም ቆሞ ይቀራል፤ ቆሞ ከቀረ ደግሞ በሚቀጥለው ምት ጨዋታው የኛ ነው።

«አባባ፣ አክም» አለችኝ በሹክሹክታ። 

ደብተሬን አየሁ። ባለቀንዱ ከሁሉም በታች ነው የተጻፈው። ከሱ በላይ ያሉት ታክመው ወይም ወድቀው ተሰርዘዋል፤ ያልተሰረዘ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ «ባለመነጽሯ፣ ትንሿ» ይላል። ከስድስት ዙር በፊት ተመትታ እስካሁን አልታከመችም። የጤናዋ መስመር ቀልቶ ክር አክሏል። ባለቤቷ የረጅሙን ልጅ ዘንዶ ስታክም ለራሷ ጭራቅ አልደረሰችም፤ ረጅሙ ልጅም አላሰባትም። ስድስት ዙር ሙሉ ዝም ብላ ተሰልፋ ጠብቃለች። አውራ ጣቴ እኔን አላማከረኝም።

ረዳት ተነሳ። ቀስ እያለ ሜዳውን አቋርጦ ሄደና የጠላትን ጭራቅ አቀፈ።

 ፊሽካው ከዳኛው አፍ ወደቀ። ረጅሙ ልጅ ማኘኩን አቁሞ «ይፈቀዳል?» አለ። ዳኛው ደንቡን አገላብጦ አየና «አይከለከልም» አለ። በሚቀጥለው ዙር ዘንዶው ባለቀንዱን ጣለው። ረዳት ብቻውን ቀረ፤ እሱ ደግሞ መማታት አያውቅም።

«አባባ፣ ምን አደረግክ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

ደብተሩን አሳየኋት። «ከሁሉም በፊት ነው የተጎዳችው» አልኩ። «ማንም አላያትም።»

መስመሩን ደጋግማ አነበበችው። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ልጅ የምትመኘውን አንድ ነገር በእጇ አስገብቼላት መልሼ ነጠቅኳት፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንገቴን ደፍቼ እንደተቀመጥኩ ባለመነጽሯ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አባባ፣ የኔን አክም ብላ የነገረችዎት እሷ ናት?»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ የሐሰት መስመር ጽፌ አላውቅም። ግን እውነቱ ምን ይጠቅማታል? እውነቱ አንድ ያረጀ ሰው ተሳሳተ የሚል ነው፤ እሱን ሰምታ ወደ ረጅሙ ልጅ ትመለሳለች።

«አዎ» አልኳት። «እሷ ናት።»

ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። እኔም ጉልበቴ በፈቀደልኝ ፍጥነት ተከተልኩ። የልጅ ልጄ ውሃ መጠጫው አጠገብ ቆማ ፊቷን እያጠበች ነበር።

«የኔን አክም ብለሽ የነገርሻቸው አንቺ ነሽ?» አለቻት ባለመነጽሯ።

የልጅ ልጄ በትከሻዋ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ቧንቧውን ዘጋች፤ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

«አዎ» አለች። ቀጥላም «ያን ቀን ያልኩሽን ደግሞ...» ብላ ጀመረች። መጨረስ አልቻለችም። ባለመነጽሯ ግን መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ትጠርግ ጀመር፤ እኔም ከዚያ በኋላ መቆም ስላልነበረብኝ ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

ረቡዕ ዕለት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቴሌቪዥኑን ሳትከፍት ሶፋው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እውነቱን ነገርኳት።»

«የቱን እውነት?»

«አክም ያልኩህ እኔ እንዳልሆንኩ።»

ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ነገር ገደል ገባ ብዬ «ምን አለችሽ ታዲያ?» አልኳት።

«"አውቄያለሁ" አለችኝ። "አንቺ ብትሞቺም እንደዚያ አታደርጊም። ግን አዎ ስትዪኝ፣ አድርጌው በሆነ ብለሽ እንደተመኘሽ ገባኝ" አለችኝ።»

 ጸጉሯን ዳሰስኩላት። ሌላ ጊዜ ብትሆን እጄን ትገፋው ነበር።

«ቅዳሜ አብረን ልንጫወት ነው» አለች ቀስ ብላ፣ አውራ ጣቶቼን እያየች። «ከሷ ጋር ማለቴ ነው።»

«እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ደግሞም ከፋኝ፤ መደበቅ ምን ያደርጋል።

«እና አባባ... ረዳትን ወዳዋለች። የሷን ሲያቅፋት ነው የወደደችው። ትልክላታለህ?»

መቆጣጠሪያውን ሰጠችኝ። ረዳት ስክሪኑ ላይ ዓይኑን ግማሽ ከድኖ ቆሟል። የሚላክበትን ቦታ አሳየችኝ፣ ተጫንኩ። ማሽኑ ከመላኩ በፊት እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፤ በዚያ ሳምንት ሁለተኛው ውሸቴ ነበር።