ምድብ ይምረጡ

እና ሦስተኛው አፕም ያው እንደ ሁለቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ይሄኛው ደግሞ መልእክቶችዎን ላንብብ ይላል፣ በአንቱታ ነው የሚያናግረው፣ አንብብ፣ ምን አለበት፣ የሚደበቅ ነገር ቢኖርማ ጥሩ ነበር፣ መስታወት ቆራጩ አውራ ጣቱን ያነሳል፣ ጣቱ ላይ የመስታወት ብናኝ አለ፣ ስክሪኑን እንዳይጭርበት ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፣ ይጫናል፣ ትንሿ ክብ መዞር ትጀምራለች። ትዞራለች። የምሳ ሰዓት ነው፣ የመስታወት ቤቱ በር እስከ ግማሽ ወርዷል፣ በታች በኩል የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ይታያል፣ ጥቁር ጫማ፣ ሸበጥ፣ አንዱ ደግሞ ተረከዙ የተንሻፈፈ፣ ተረከዝ በአንድ ወገን የሚበላው ሰውየው ሲራመድ ክብደቱን ወደዚያ ስለሚጥል ነው፣ ይህን አንድ ቪዲዮ ላይ አይቷል፣ ማንም አልጠየቀውም።

ማንም አይጠይቀውም፣ እሱ ግን ያስረዳል፣ ሊቁ የሚሉትም ለዚህ ነው። ሊቁ ና መስኮት ለካ፣ ሊቁ እስኪ ስለ ጨረቃ ንገረን። ትምህርቱን ከመንገድ ነው የተወው፣ የጎደለውን ከስልክ እየለቃቀመ ሞልቶታል፣ ወይም የሞላው ይመስለዋል፣ መስታወት ሲቆርጥ እንኳ አፉ አያርፍም፣ ይኸውልዎ እናቴ፣ መስታወት አይቆረጥም፣ አንዴ ይጫራል፣ ከዚያ በጭረቱ ላይ ይሰበራል፣ እጅ ተርበትብቶ ሁለተኛ ከደገሙበት ጠርዙ ይበላሻል፣ እናትየዋም እሺ ልጄ፣ አንተ ብቻ መስኮቴን ሳይመሽ አድርስልኝ ይሉታል።

አሁን የሚያስረዳው ለራሱ ነው። የወጪ መመዝገቢያ አፕ በሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ሰነፍ ሰው የሚወደው ነው፣ ባንክ የሚልክልህን መልእክት ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይደምራል፣ ራሱ ይቀንሳል፣ አንተ ተቀምጠህ ታያለህ፣ ሌላው ምንም አያነብም፣ ዳቦ ስትገዛ ዳቦ ብለህ ትጽፍለታለህ፣ ትራንስፖርት ስትከፍል ትራንስፖርት ብለህ ትጽፍለታለህ፣ ካልጻፍክለት ምንም አያውቅም፣ ይህኛው አድካሚ ነው፣ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ይሻላል፣ ይሻላል ይላሉ አስተያየት የጻፉት ሁሉ፣ አምስት ኮከብ፣ ሕይወቴን ቀየረው፣ አምስት ኮከብ፣ ትዳሬን አዳነው፣ ይህን የጻፈው ማን ይሆን።

ትዳሬን አዳነው።

ሚስቱ ታላቅ እህቷ ቤት ከሄደች ሰነበተች። በር ሳትወረውር ነው የሄደችው፣ ቀስ ብላ ዘግታ፣ መወርወሩ ይሻል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከአንዲቱ ክፍል ወጥተው ሁለት ክፍል ለመከራየት ያጠራቀሙት ገንዘብ እሱ ሂሳብ ውስጥ ነበር፣ ቤቱም ተገኘ፣ አከራይዋም ደግ፣ መስኮቱም ወደ ፀሐይ፣ ሂሳቡ ሲከፈት ግን ገንዘቡ ግማሹ የለም። አልተሰረቀም። አልሰከረበትም፣ ቁማር አያውቅም፣ ዕቃ አልገዛበትም፣ ዝም ብሎ የለም፣ እንደ ወንፊት ውሃ። የት ገባ፣ አለችው፣ በቀስታ ነው ያለችው፣ የፋርማሲ ሂሳብ ተቀባይ ናት፣ ሳንቲም ሲጎድልባት አትጮህም፣ መሳቢያዋን ከፍታ ትጠብቃለች። እሱም ጀመረ። ያው ማስረዳቱን ጀመረ። አየሽ፣ ገንዘብ በትልቁ አይወጣም፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ብትወስጂ በቀን ስንት ባልዲ። ስለ ቧንቧ ልታስተምረኝ ነው? አለችው። ብትጠጣው እኮ ጠጣው እል ነበር፣ ሴት ብትይዝበት ስሟን እየጠራሁ እረግማት ነበር፣ አንተ ግን ምንም ሳታደርግበት አጠፋኸው፣ ምንም፣ ገንዘባችን የት እንደሚገባ የነገርከኝ ቀን እመጣለሁ። ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋችው።

እና አፕ ይመርጣል። ላውቀው ነው፣ ልነግራት ነው። እያንዳንዱን አፕ ሲጭን የሚያስበው ይህን ነው፣ ያስበዋል እንጂ አይሰማውም፣ ክንድህ ላይ ተኝተህ ስትነቃ ክንዱ የራስህ ሆኖ የሌላ ሰው ይመስልህ የለ፣ ነርቩ ስለሚታፈን ነው፣ እሱ እንደዚያ ነው፣ ሙሉው ሰውዬ።

የመጀመሪያው አፕ ነጻ ነኝ አለ፣ ሁሉን ካስሞላው በኋላ ወር በወር ክፈለኝ አለ፣ ወጪህን እንድቀንስልህ ወጪ ጨምር፣ በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና። አጠፋው። ሁለተኛው ትንሽ ክብ ፊት ነበረችው፣ ሰው ሲቆጥብ የምትስቅ፣ ሲያወጣ የምታለቅስ፣ ሁለት ዳቦ ብሎ ቢጽፍ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ እሱ በዚህ ሁሉ ያላለቀሰው ሰውዬ ስታለቅስለት ተመለከታት፣ ቆየ፣ ለሁለት ዳቦ፣ ምንም አልተሰማውም፣ እሷንም አጠፋት።

ሊቁ፣ ምሳ አትበላም? ስልክ ይበላል እንዴ? ይህ ሚስማር ነው፣ አሉሚኒየም ገጣሚው፣ ከቅጥነቱ የተነሳ ነው ሚስማር ያሉት፣ ቆርቆሮው ላይ ተጋድሞ ዳቦውን በሻይ ያወርዳል። በልቻለሁ። መቼ? ቅድም። ቅድም ሆድህን ነው የበላኸው፣ በል እንካ። አልፈልግም። ዛሬስ መለሰችልህ? ሊቁ ወደ ስልኩ ያጎነብሳል፣ ሚስቱ መመለስ አለመመለሷን የሰፈሩ ብየዳ ቤት ሁሉ ያውቃል፣ ሚስማር እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል።

ክቧ መዞሯን ታቆማለች። ሦስተኛው አፕ አንብቦ ጨርሷል። ክብ ሥዕል ያወጣለታል፣ እንደ ድፎ የተቆራረጠ መሆን ነበረበት፣ ለቤት ኪራይ አንድ ቀለም፣ ለምግብ አንድ ቀለም፣ ለትራንስፖርት ቀጭን፣ ማስታወቂያው ላይ እንደዚያ ነበር፣ የሱ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ቀለም ነው፣ ሰማያዊ፣ ጣቱን ያስጠጋል፣ ሰማያዊው ስም ያወጣል። የሷ ስም። ከነአባቷ ከነአያቷ። ዋነኛ ወጪዎ ይላል። ወደ ታች ይስበዋል፣ ገቢ፣ እዚያም አንድ ቀለም፣ አረንጓዴ፣ ዋነኛ የገቢ ምንጭዎ ይላል፣ ያው ስም፣ ከነአባቷ ከነአያቷ።

አፑ አልተሳሳተም፣ መልእክት አንብብ ተብሏል፣ አነበበ። ስህተቱ የባልና የሚስቱ ነው፣ እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠሩ ሌሎች ባልና ሚስት መኖራቸውን እንጃ፣ ደመወዙን በየሳምንቱ እንደተቀበለ ግማሹን ይልክላታል፣ እሷም ሳይመሽ ትመልሰዋለች፣ ያው ገንዘብ ነው፣ እንደ ዱላ ቅብብል ይሄዳል ይመጣል፣ ሩጫው ግን መጨረሻ የለውም፣ በየምልልሱ ባንኩ የአገልግሎት ብሎ ትንሽ ቆንጠር ያደርጋል፣ ከዚህ ሁሉ ጠብ የጠገበው ባንኩ ብቻ ነው። ደግሞ ባንኩ ምክንያት ይጻፉ ይላል፣ ካልጻፍክ አይልክም፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ቧንቧና ባልዲ አይገባበትም፣ ለቤት ብሎ ጻፈ፣ ለየትኛው ቤት ብላ መለሰችው። ለአስቤዛ፣ ለአስቤዛህ። ተቀበዪው፣ አንተው ተቀበለው። ለአንቺ፣ ለአንተ። እንደምን አለሽ ብሎ ጻፈ አንድ ጊዜ፣ ደህና ብላ ገንዘቡን መለሰች። በመጨረሻ የሚጻፍ ነገር ጠፋው፣ አንድ ነጥብ አደረገ፣ እሷም አንድ ነጥብ አድርጋ መለሰች፣ ከዚያ ወዲህ ነጥብ ለነጥብ ነው።

ትናንት ጠዋት ላከ። ነጥብ። አልተመለሰም።

ማታም አልተመለሰም፣ ዛሬም ይኸው። እውነቱን ለመናገር አፕ መምረጡ መልእክት መጣ አልመጣም ብሎ ስልኩን ለማየት ጥሩ ሰበብ ነው፣ እያየ ያለው አፑን ነው፣ አይደለም እንዴ። የባንኩ ኔትወርክ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ይህ አንደኛው ምክንያት ነው፣ ሁለተኛ፣ ተቀብላዋለች፣ ልትመጣ ነው፣ ሦስተኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰልችቷታል፣ መመለስም ሰልችቷታል፣ ሰው ከሰው ጋር ሲጨርስ አይጣላም፣ ተጣልቶ ሲያበቃ ነው የሚጨርሰው፣ ሦስቱንም በእኩል ልብ ይመለከታቸዋል፣ መደርደሪያ ላይ እንዳሉ መስታወቶች፣ ውፍረታቸው ሦስት ሚሊ፣ አራት ሚሊ፣ አምስት።

ወይኔ፣ አልመለሰችም በለኛ! ይላል ሚስማር ከኋላው፣ መቼ እንደተነሳ፣ አንገቱን አስግጎ ስልኩን እያየ። ተቀበለች ማለት ነዋ፣ እልል በል። ወይም ጨረሰች። ኧረ አንተ ሰው፣ ሰርግ ቤት ሄደህ የምታለቅስ ዓይነት ነህ፣ ቆይ ይሄ ሰማያዊው ምንድነው? ሚስቴ ናት። ሁሉም? ሁሉም። አረንጓዴውስ? እሷው ናት። ሚስማር ያፏጫል፣ ሰው ሚስቴ አገሬ ናት ሲል ሰምቻለሁ፣ ያንተዋ ግን የባንክ ሂሳብህ ሆናለች።

ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ሊቁ ትንፋሹን ይይዛል፣ ይህን ያስተውላል፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ አፑ ነው። የገንዘብዎ አማካሪ አንድ ከፍተኛ ወጪ አግኝቷል፣ ይላል፣ በየሳምንቱ የሚደጋገም ክፍያ ይመስላል፣ ማቋረጥ ይፈልጋሉ? ከሥሩ አዎ፣ ከአጠገቡ በኋላ አስታውሰኝ፣ አይ የሚል የለውም፣ ፈልጎ አጣው፣ አይ የሚል የለውም።

አንተ ልጅ፣ ይላሉ ጋሼ ከመደርደሪያው ወዲያ፣ ጋሼ የመስታወት ቤቱ ባለቤት ናቸው፣ የተኙ መስሎት ነበር፣ ከጠዋት ጀምረህ አፕ አፕ አፕ ትላለህ እንደ ስቅታ፣ ውሃ ጠጣበት ወይ ደውልላት። ጋሼ፣ እኔማ መጀመሪያ ወጪውን አጣርቼ ልንገራት ብዬ ነው። አጣርተህ ምን ልትላት? እንዲህ እንዲህ ሆኖ ወጣ ብዬ። እና ሲያጣሩት ወጣ? አልወጣም ጋሼ፣ እሷን ነው የሚያወጣው። በል ለሷ ንገራታ፣ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ እኔ አግብቼሃለሁ?

ሚስማር ይስቃል። ሊቁ ይደውላል፣ ለምን እንደደወለ ሳያስብ፣ አዎ የሚለውን ላለመጫን ይሆናል፣ ጣት አንድ ነገር መጫን አለበት። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ምሳ ሰዓት ላይ የሂሳብ መስኮቷን አትለቅም፣ ይጠራል።

አቤት። እኔ ነኝ። አውቃለሁ፣ ስምህ ይታየኛል፣ ቶሎ በል ሰው ቆሟል። ድምፅዋ ደህና ነው፣ ቁጣ የለውም፣ ቁጣ ብትቆጣ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። አፕ እየመረጥኩ ነበር፣ ይላል። የምን አፕ? የወጪ። በአፍንጫዋ አጭር አየር ትለቃለች፣ ሳቅ ነው ወይም ማስነጠስ መጥቶባት ነው። የቱን መረጥክ? በእጅ የሚጻፍበትን ልወስድ ነው፣ ራሱ የሚያነበው ደስ አላለኝም። ለምን? አንቺን ወጪ ይልሻል። ወጪ ነኝ እንዴ? ገቢም ይልሻል። ደግ፣ እሱም እንዳንተ ለይቶ አላወቀም። ከወዲያ አንድ ሽማግሌ ይሰማል፣ ልጄ ይሄ ከምግብ በፊት ነው በኋላ? በኋላ ነው አባቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ይማርዎት። ትመለሳለች። በእጅ የሚጻፈውን ማን ሊጽፍልህ ነው? እኔ። ትጽፋለህ? አፉን ይከፍታል፣ እዚህ ላይ ብዙ ነገር አለ፣ ልማድ እንዴት እንደሚገነባ አንድ ሙሉ ትምህርት ሰምቷል፣ በትንሽ መጀመር፣ ሰዓት መመደብ፣ ሁሉም ምላሱ ላይ ተደርድሯል። እንጃ፣ ይላል።

ምን አልክ?

እንጃ፣ አላውቅም።

መሳቢያ ሲዘጋ ይሰማዋል፣ ወይም ሲከፈት። ገንዘቡን አልመለስኩም፣ አይተሃል? ትለዋለች። አይቻለሁ። ለምን እንዳልመለስኩ ለራስህ አስረድተሃል፣ አውቅሃለሁ፣ ሦስት ምክንያት ደርድረህ ተቀምጠሃል። ሦስት ነው፣ አዎ። የቱ ነው? አላውቅም። ያኔ ስጠይቅህስ፣ የጠፋው ገንዘብ የት ገባ? ሚስማር ዳቦውን ማኘክ ትቷል፣ ጋሼም ከመደርደሪያው ወዲያ አንገታቸውን ቀና አድርገዋል፣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነው፣ ሲያስረዳ እንዲህ ጠብቆት የሚያውቅ የለም። አላውቅም፣ ይላል፣ ያኔም አላወቅኩም፣ እየወጣ አላየሁትም፣ እስከ ዛሬም አላውቅም።

መሥመሩ የተቆረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ያያል፣ አልተቆረጠም፣ ይመልሰዋል። እኔም ለምን እንዳልመለስኩት አላውቅም፣ ትላለች፣ ልመልሰው ከፈትኩት፣ ነጥቧን ጻፍኩ፣ ከዚያ ተውኩት። እሺ። እሺ ምን? እሺ ብቻ። እህቴ ደግሞ አትጠይቀኝም መሰለህ፣ በጥያቄ ነው የምታሳድረኝ። በቀስታ ነው የምትናገረው፣ ሳንቲም ሲጎድልባት እንደምትናገረው፣ ወይም ሲገኝ፣ ሲገኝ እንዴት እንደምትናገር ትዝ አይለውም። ስወጣ በእናንተ በኩል አልፋለሁ። ትገቢያለሽ? አልፋለሁ አልኩህ፣ ሰው ቆሟል። ይቆረጣል።

ምን አለች? ይላል ሚስማር። በዚህ በኩል ታልፋለች። ልትመጣ ነው ወይስ ልታልፍ? እንጃ ሚስማር። ጋሼ ይስላሉ፣ በል ያችን በር ክፈቷት፣ ሥራ አለ። ሊቁ ግን ቁጭ እንዳለ ነው፣ ስልኩ አሁንም ጆሮው ላይ፣ ጆሮው ይግላል፣ ስልክ ሰው ሲያወራበት ይሞቃል፣ ባትሪው ኃይል ሲለቅ፣ አይደለም፣ ያን ያህል አላወሩም፣ ስልኩን ያነሳል፣ ጀርባውን በመዳፉ ይነካዋል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ጆሮው ግን ይግላል።