የፍሬሕይወት ከዘራ

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ሳሙኤል መድረክ ላይ ወጥተው «እህታችን ፍሬሕይወት ተፈውሳለች!» ሲሉ ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። የፍሬሕይወት ደም ግን ፈላ።

ምን ተፈወሰች? መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት የነርቭ በሽታ ዛሬም አብሯት ነው። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም «አይድንም፤ ቢሆንም እግርሽን አታስተኚው» ካላት ወዲህ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ፀሐዩ ሳይበረታ ተነስታ ከዘራዋን ተመርኩዛ ከቤቷ እስከ ወልቂጤ መናኸሪያ በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። ጉልበቷ ከድቷት የሰው አጥር ተደግፋ ስትቆም፣ ባለባጃጆቹ «ነይ ግቢ፣ በነጻ እናድርስሽ» ሲሏት ጥርሷን ነክሳ «አይ፣ እሄዳለሁ» ስትል፣ ያኔ እልል የሚል አልነበረም። ጋሽ ሳሙኤል ያዩዋት አንድ ቀን ነው፤ ያውም እግሯ ቀሏት ያለ ከዘራ ቀና ብላ ስትራመድ።

በሚቀጥለው እሁድ በር ላይ ጠበቋት። ዓይናቸው ከዘራዋ ላይ ተተክሏል።

«ልጄ፣ እሱን እዚህ አስቀምጪና ግቢ። ሰው ምን ይላል? ምስክርነቱን ታበላሺዋለሽ እኮ።»

«የማንን ምስክርነት? እኔ መቼ መሰከርኩ?»

«በእምነት ጣይው ነው የምልሽ።»

«እሺ ጋሼ፣ አብረን እንጣል» አለች። «እርስዎም መነጽርዎን ያውልቁና የዛሬውን ምንባብ ያንብቡልን።»

የጋሽ ሳሙኤል እጅ ሮጦ መነጽራቸውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ፍሬሕይወት ከዘራዋን ሲሚንቶው ላይ ቋ፣ ቋ እያደረገች እስከ ፊተኛው ወንበር ዘለቀች።