የማስተማሪያ ገላ

«ሲስተር፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ።»

ቀጭኗ ተማሪ ይህን ስትል ሦስት ጣቶቿ በጀርባዋ በተኛችው ሴት ግራ ጡት ላይ፣ ወደ ብብት በሚጠጋው በኩል እንዳረፉ ነበሩ። መምህርቷ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። አንድ ዓይኗ የተማሪዋ እጅ ላይ፣ ሌላው የግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር። ከመጋረጃው ውጪ ገና ያልተፈተኑ ብዙ ናቸው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሴት ንግግሯን ይጠብቃል።

«የጎድን አጥንት ጠርዝ ነው» አለች፣ ጠጋ ሳትል። «ቀጥዪ።»

«ሲስተር፣ አጥንት ከሆነ ግን... በቀኝ በኩል የለም እኮ።»

«ፈተና ላይ ነሽ። ጨርሺ።»

የተኛችው ሴት ቀና ብላ ሳቀች። «ተዪያት እንጂ! ልጅቷ ወርቅ አግኝታ ይሆናል፤ ቆፍራ ታውጣው!»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቁ ተቀበላት። መምህርቷም ሳቀች። ቀጭኗ ልጅ ብቻ አልሳቀችም። የቀረውን ነካክታ ጨረሰች፣ የሴትዮዋን ደረት በአንሶላ ሸፈነች፣ አመስግናም ወጣች። መምህርቷ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ብላ ከውጤቷ ቀነሰችና የሚቀጥለውን ተማሪ ጠራች።

የተኛችው ሴት የመምህርቷ ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ። ከረጅም ዓመታት በፊት መምህርቷ ከበሽተኛ ክፍል ወጥታ ማስተማር ስትጀምር፣ በተማሪ ፊት ደረቷን የምትገልጥ ሴት ጠፍታ ነበር። ለመለማመጃ የተሠራው የላስቲክ ጡት እንደሆነ አያስተምርም፤ እብጠቱ የት እንደተቀበረ ተማሪው ሁሉ ከቀደሙት ተማሪዎች ሰምቶ ስለሚመጣ ገና ሳይነካው ያገኘዋል። ሰው ያስፈልግ ነበር። «እኔ ምን አለብኝ?» አለች ታላቅየዋ። «ገላ አይደል፣ ስለነካችሁት አያልቅ!» ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በፈተናው ቀን ሱቋን ዘግታ ትመጣለች። መጀመሪያ መምህርቷ ራሷ እየነካች ታሳያለች፣ ተማሪዎቹ ይከተላሉ፤ እሷም አልጋው ላይ ሆና ስታስቃቸው ትውላለች።

መምህርቷ በወጣትነቷ «እጇ ያያል» ይሏት ነበር። ደም ሥር የጠፋበት በሽተኛ ሲመጣ የምትጠራው እሷ ነበረች። ኋላ ማስተማሩ መጣ፤ ቀጥሎ ሬዲዮው፤ ቀጥሎ በየፋብሪካውና በየአዳራሹ የሚደረገው ንግግር። ድምጿን የሚያውቁ የታክሲ ሾፌሮች «የጡቷ ሲስተር!» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም ደስ ይላታል፣ ምክንያቱም ቀልዱ ቤታቸው ገብቶ ለሚስቶቻቸው ይደርሳል። በዚህ ሳምንት ደግሞ የሆስፒታሉ የጤና ትምህርት ክፍል ኃላፊ እንደምትሆን ተነግሯታል። ዕድገቱ ይገባታል፤ ማንም አላማም። ልብ ያላለችው ነገር ቢኖር፣ በነዚያ ዓመታት ሥራዋ ከእጇ ወደ አፏ መሻገሩን ነው።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ምግቡን ቀማምሳ ተወችው። «በቀኝ በኩል የለም እኮ» ያለችው የልጅቷ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ሁለቱን ጎን አወዳድሩ ብላ ያስተማረቻት ማን ሆነና? «ፈተና ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ያልሆነ ነገር ይነካል» ብላ ራሷን አጽናናችና ወደ አዳራሹ ሄደች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መምህርቷ እንደ ልማዷ በቀልድ ጀመረች፣ ሴቶቹን አሳቀች፣ ከዚያ ዝም አሰኘቻቸው። ንግግሩ ከአፏ ራሱ እየተፈተለ ይወጣ ነበር። ወደ መጨረሻው አንዲት ልጅ ያቀፈች ሴት እጇን አወጣች።

«ሲስተር፣ ባለሙያ ነክቶኝ ምንም የለብሽም ካለኝ፣ ልቤን ጥዬ ልተኛ?»

ብዙ ጊዜ የመለሰችው ጥያቄ ነው። አፏን ስትከፍት ግን የዛሬው ጠዋት መጣባት። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት የእህቷን ጡት ራሷ ነክታ አሳይታለች። ምን ነካች? ለማስታወስ ሞከረች። የኋላ ረድፍ ላይ ሁለት ተማሪዎች ሲንሾካሾኩ ማየቷን ታስታውሳለች፤ የተናገረችውን ቃል በቃል ታስታውሳለች። ከጣቶቿ ሥር ስለነበረው ገላ ግን አንዳች ነገር አታስታውስም። አምናም እንዲሁ። ካቻምናም። ከቀጭኗ ልጅ በፊት የተፈተኑትም ሁሉ ልክ እንደ መምህርታቸው ፈጠን ብለው፣ አፋቸው ቀድሞ እጃቸው ተከትሎ አልፈውት ነበር።

ማይክሮፎኑን አጠገቧ ለተቀመጠችው ባልደረባዋ ሰጠችና በጓሮው በር ወጣች። ሴቶቹ በሽተኛ አጣድፏት የሄደች መስሏቸው አጨበጨቡላት።

እህቷ ሱቅ ስትደርስ ታላቅየዋ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የቀሚስ ጠርዝ ትሰካ ነበር። መርፌውን ከአፏ አወጣች።

«ምነው ሚጡ? ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እትዬ፣ እስቲ ጓዳ ገብተሽ ጋደም በዪ።»

«ደግሞ? ጠዋት ሙሉ ስታገላብጡኝ ዋላችሁ፤ አልበቃሽም?» አለች፤ ነገር ግን የታናሿን ፊት አየችና ገባች።

መምህርቷ እጇን ታጠበች፣ እስኪሞቅ አሻሸችው። ከእህቷ ትከሻ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አደረገች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። የሚያያት ተማሪ የለም፣ የምትናገረው ነገር የለም። በቀስታ፣ መጀመሪያ ላይ ላዩን፣ ቀጥላ ጠለቅ አድርጋ ነካች። ወዲያው አገኘችው። የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ደረቅ ነገር ነው፤ ስትገፋውም ካለበት አልሸሸም።

«አገኘሽው?» አለች እህቷ።

መምህርቷ ዓይኗን ገለጠች። «ታውቂ ነበር?»

«አምናም ነበረ እኮ። ያኔ ትንሽ ነው። አንቺ በልጆቹ ፊት ስትነኪኝ ‹በቃ፣ አሁን ታገኘዋለች› ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አለፍሽው። ‹ጤናማ ጡት ማለት ይሄ ነው› አልሻቸው። እኔም እፎይ ብዬ ተውኩት። ዛሬም ጠዋት እንደዚሁ አልሽ። ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?»

መምህርቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የምትለው ማመካኛ አላጣችም። ትንሽ እብጠት በእጅ ላይገኝ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው፣ በየክፍሉ የምታስተምረው ነው። እህቷም ታምናታለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ ሁለቱም የማንም ጥፋት አይደለም ብለው ሊተቃቀፉ ይችላሉ። «እትዬ፣ ትንሽ ሲሆን አንዳንዴ...» ብላ ጀመረችና ቃሉ አፏ ውስጥ መረራት።

«አልነካሁሽም» አለች።

«እንዴት አልነካሽኝም? በልጆቹ ሁሉ ፊት!»

«እጄ ነበር፤ እኔ አልነበርኩም። ልጆቹን ነበር የማየው። ምን እንደምናገር ነበር የማስበው። አምናም፣ ዛሬም። አንድም ጊዜ ልብ ብዬ አልፈለግኩትም።»

ታላቅየዋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። ያሳደገቻት፣ በሱቋ የስፌት መኪና ሠርታ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ተቆጥታት አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ቁጣዋ ግን ሁልጊዜ ጩኸት ያለበትና ቶሎ የሚበርድ ነበር። አሁን አልጮኸችም።

«ሌሎቹንስ?» አለች በመጨረሻ። «ሌሎቹን ሴቶችስ እንዲህ ነው የምትነኪያቸው?»

መምህርቷ አንገቷን ደፋች። ቀጭኗን ልጅ ነገ በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ትጠይቃታለች፤ ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን፣ በእጇ ያለፉት ሴቶች ሁሉ፣ ታስቦ የሚያልቅ አልሆነላትም። ከሁሉም በላይ ይህች አጠገቧ የተኛችው ናት፤ በእሷ ተማምና አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ያለች። ገድያት ይሆን? ብላ አሰበችና ለቅሶው አመለጣት።

«አሁን አታልቅሺብኝ» አለች ታላቅየዋ፣ የልብሷን ቁልፎች እየቆለፈች። «ተነሺ። ሳይዘጉ እንሂድ።»

የሆስፒታሉ ሐኪም ገና ወጣት ነው፤ በተለማማጅነቱ ጊዜ ደም መቅዳት ያስተማረችው መምህርቷ ናት። ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ። ወንበር አቀረበላቸው፣ ደህንነታቸውን ጠየቀ፣ ቀጥሎም ወደ ታላቅየዋ ዞረ።

«እናቴ፣ ከዚህ በፊት ተመርምረው ያውቃሉ?»

«እንዴታ!» አለች ታላቅየዋ፣ ለደንበኞቿ ስለ ታናሿ ስታወራ በምታወጣው የኩራት ድምፅ። ወደ እህቷ ግን አላየችም። «በየዓመቱ! ይህቺ እህቴ አይደለች እንዴ፣ በገዛ እጇ ታየኛለች። ይሄ ነገር ሰሞኑን ነው የመጣው።»

«እንግዲያማ ጥሩ እጅ ላይ ነበሩ» አለ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ፤ መጻፍም ጀመረ።

መምህርቷ ብዕሩን አየችው። በየዓመቱ ታይቶ ዘንድሮ የመጣ እብጠት ማለት ጊዜ የሚሰጥ እብጠት ነው፤ የቀጠሮው ወረፋ ይጠበቃል። እህቷ ይህን አታውቅም። እህቷ የምታውቀው ታናሿን በሰው ፊት አለማሳፈር ብቻ ነው።

«አይደለም» አለች መምህርቷ። «አምናም ነበረ።»

ሐኪሙ ቀና አለ። ታላቅየዋ ከጠረጴዛው ሥር ጭኗን ጠበቅ አድርጋ ቆነጠጠቻት፤ ዝም በዪ ማለቷ ነው። መምህርቷ እጇን በእህቷ እጅ ላይ ደረበች።

«የጻፍከውን ሰርዘው» አለች። «እህቴ አንድም ቀን ተመርምራ አታውቅም።»