የአብዱልሐሚድ ድስት

ራሕማ የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ለመምረጥ ብዙም አልተጨነቀችም። የአሞሌ ጨው መንገድ! ከአፋር በረሃ ተነስቶ፣ በትግራይ በኩል ወጥቶ፣ ወሎ የሚወርደው ያ የጥንት የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ። ምን ያስጨንቃታል? ያንን መንገድ በወጣትነታቸው በቅሎ እየነዱ የተመላለሱበት አያቷ፣ አባባ አብዱልሐሚድ፣ እዚሁ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ልጅ ሳለች፣ ላምበረት አጠገብ በነበረው አሮጌ ቤታቸው፣ የጅቡንና የሽፍታውን፣ የወንዝ ሙላቱን እያወሩ ነበር የሚያስተኟት። ያ ዘመን እንዴት ይናፍቃታል!

ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ አሁን ሰውዬው አፋቸውን ዘጉ።

«አባባ፣ ከወሎ፣ ከሐይቅ ስትነሱ መጀመሪያ የምታድሩት የት ነበር?»

«እርሺው ልጄ።»

«እሺ፣ ስለ በቅሎዎቹ ይንገሩኝ።»

«በቅሎ ያው በቅሎ ነው።»

አንድ ቀን አብዝታ ስትነዘንዛቸው ተቆጡ። «የኔ መንገድ የሚያልቀው ትግራይ፣ ኲሓ፣ ገብረዋሕድ ቤት ነው። ያ ሁሉ ጦርነት ካለፈ ወዲህ ወዳጄ ይኑር ይሙት አላውቅም። መድረሻውን ሳላውቅ ስለ መንገዱ ምን ብዬ ላውራልሽ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰው ጠፍቷቸው ነው!

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ገብረዋሕድን መፈለግ ሆነ። አብራት የምትማረው የኲሓዋ ዊንታ ዘመዶቿን ስታጠያይቅላት፣ የገብረዋሕድ ልጅ ተወልደ ሃያ ሁለት ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ እንዳለው ተሰማ። ጉድ እኮ ነው፤ እዚሁ አፍንጫቸው ሥር! ራሕማ ሱቁ ድረስ ሄዳ ለእሁድ ምሳ ጠራችው። ስለ አባቱ ስትጠይቀው «እሱን ለራሳቸው እነግራቸዋለሁ» አላት። ለእናቷ ለሲቲ ደግሞ «የአባባ የሲራራ ወዳጅ ልጅ ይመጣል» ብቻ ብላ አለፈች፤ ለአባባ የማን ልጅ እንደሆነ አልነገረቻቸውም።

እሁድ ሲቲ ዶሮ አሳርዳ፣ ሽንኩርቷን አቁላልታ፣ ሽር ጉድ ስትል አረፈደች። እንግዳው እጁን ታጥቦ አባባ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ስምዎን ማን ልበል?» አለችው ወጡን ልታወጣ እየተዘጋጀች።

«ተወልደ ገብረዋሕድ።»

ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። ሲራራ ነጋዴ ሲባል ወዳጁም ሙስሊም መስሏት፣ ለክርስቲያን እንግዳ የሙስሊም ሥጋ ልታቀርብ ነበር! ራሕማን ገላመጠቻት፤ «ቆይ ብቻ፣ ይሂድ» የምትል ግልምጫ። ራሕማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ተወልደ ግን ሳቀ። «ኧረ አይጨነቁ፣ ሽሮ ካለ ይበቃኛል። እኛ ቤት ይሄ የታወቀ ነው። አባባ ሲመጡ አባቴ በጉን በነፍሱ ያቀርብና ቢላዋውን ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው ባርከው ያርዳሉ። ድስታቸውም ለብቻ ነው። እናቴ ብርኽቲ ሌላ ነገር አትሠራበትም። ‹አብዱልሐሚድን አምጡልኝ› ስትል ድስቱን ማለቷ ነበር። ትምህርት ቤት እስክገባ አብዱልሐሚድ የድስት ስም ይመስለኝ ነበር!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አባባ ብቻ አልሳቁም።

«ገብረዋሕድስ?»

ተወልደ አንገቱን ደፋ። «አረፈ፣ አባባ። በጦርነቱ ጊዜ፣ መድኃኒት ጠፍቶ። ቤቱም የለም።»

«ኢናሊላሂ» አሉ አባባ። ወደ ተወልደ ጠጋ ብለውም «ብርኽቲስ?» አሉ።

«እኔ ጋ ናት፣ ሃያ ሁለት። ስትመጣ የያዘችው ጥቂት ልብስና ያንን ድስት ነው። ‹ይሄ ምን ያደርግልሻል?› ብላት፣ ‹የሰው ዕቃ ነው› አለችኝ።»

አባባ ተነሱ። «ከዘራዬን አምጡ!»

«ውይ፣ ምሳውስ?» አለች ሲቲ።

«ምሳዬ እዚያ ነው።»

መንገድ ላይ የተወልደን መኪና አስቁመው አንድ ቀይ አውራ ዶሮ በነፍሱ ገዙ፤ ሃያ ሁለት እስኪደርሱ ጭናቸው ላይ አድርገውት ተጓዙ። ራሕማም ከኋላ ተቀምጣ አብራ ሄደች።

በሩን የከፈቱት እማማ ብርኽቲ ራሳቸው ነበሩ። ሽማግሌውን አዩ፣ ዶሮውን አዩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አብዱልሐሚድ! ዘገየህ እኮ! የሚቀበልህ ሰው አለፈ» ብለው ለቅሷቸውን ለቀቁት። አባባም ደጃፉ ላይ እንደቆሙ «ወይ ገብሬ! ወይ ወንድሜ!» እያሉ እንደ ልጅ አለቀሱ። ራሕማ አያቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ እሷም መቻል አቃታት።

እንባው ሲያባራ እማማ ብርኽቲ ጓዳ ገብተው፣ ጎኑ የተጨረመተ ድስትና አንድ ቢላዋ ይዘው ተመለሱ። ቢላዋውን በእጀታው በኩል አዙረው ለአባባ ሰጡ። አባባ ወደ ግቢው ጥግ ሄደው «ቢስሚላህ» ብለው አረዱ።

ድስቱ ሲንተከተክ ሽታው ቤቱን ሞላው። አባባ ከእማማ ብርኽቲ ጎን ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ዞር አሉ።

«ራሕማ፣ ቅረቢ ልጄ። ኲሓ ደርሻለሁ፤ አሁን ጠይቂኝ።»